ለቤት ልምምድ የሚሆን ትንሽ የጊታር አምፕ፦ ከአሜሪካ ላስመጣ ወይስ ቤት ባለው ስፒከር ልቀጥል?

ህሊና (አያት፣ አዲስ አበባ)፦

ሰላም ቤተሰብ። ኤሌክትሪክ ጊታር መማር ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። ያለኝ ስላሽ (ያገለገለ) የተገዛ ስኳየር ስትራት የሚባል ጊታር ነው። እስካሁን የምለማመደው ያለ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ነው። ክሩ ሲነካ ትንሽ ይሰማኛል፤ ግን ጣቴ በትክክል ማረፍ አለማረፉን መለየት አልቻልኩም።

ሁኔታዬ እንዲህ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን አራስ ናት። እኔ ደግሞ ጊዜ የማገኘው ማታ ከሥራ መልስ ነው። መብራትም አልፎ አልፎ ይሄዳል። አክስቴ ለፋሲካ ከቨርጂኒያ ስለምትመጣ «እስከ 120 ዶላር የሚያወጣ ከሆነ ላምጣልሽ» ብላኛለች።

ስንት ዋት ይበቃኛል? ከአሜሪካ የሚመጣው እዚህ ይሠራል? ወይስ ሳሎን ባለው ትልቅ ስፒከር ላይ፣ ማይክ መሰኪያው ውስጥ ሰክቼ ልቀጥል? የምጫወተው በአብዛኛው ትዝታና ባቲ ነው፤ ሮክም እወዳለሁ።

ዳዊት ስድስት ክር፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ከዋቱ ልጀምር፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና።

ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም። ከ10 ወደ 20 ዋት ስትሄጂ የምታገኚው ጭማሪ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው፤ ጆሮሽ በደንብ ካላስተዋለ ላያውቀው ይችላል። ለጆሮ «እጥፍ ጮኸ» የሚባለው ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ ሲያድግ ነው። ስለዚህ ለመኝታ ክፍል ከ3 እስከ 10 ዋት ከበቂ በላይ ነው። አንቺ ባለሽበት ቤት 10 ዋቱንም ቢሆን ሩቡን እንኳ አትከፍቺውም።

ከዋቱ ይልቅ ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ የሄድፎን መሰኪያ አለው ወይ? ሄድፎን ሲሰካ ስፒከሩ ዝም ይላል። አራስ ጎረቤት ላላት ሰው ይሄ የግድ ነው። ሁለተኛ፣ በባትሪ ይሠራል ወይ?

በአንቺ በጀት አካባቢ የማውቃቸውን ልንገርሽ። ቦስ ካታና ሚኒ 7 ዋት ነው፣ ስፒከሩ 4 ኢንች፣ የሚሠራው በ6 ትንንሽ ባለ ሁለት ኤ ባትሪዎች ነው። ክሊን (ንጹህ)፣ ክራንች (ሻከር ያለ) እና ብራውን (ይበልጥ የሻከረ) የሚባሉ ሦስት የድምፅ ዓይነቶች አሉት፤ ዲሌይም (ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግም) አለው። ብላክስታር ፍላይ 3 ከሱም ያንሳል፤ 3 ዋትና 3 ኢንች ነው፣ እሱም በባትሪ ይሄዳል። ፌንደር ፍሮንትማን 10ጂ 10 ዋት ነው፣ ስፒከሩ 6 ኢንች ስለሆነ ድምፁ ከሁለቱ ይልቅ ሞላ ይላል፤ ግን ባትሪ የለውም፣ መብራት ከሄደ አለቀ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ካታና ሚኒን እመርጣለሁ።

ቲዩብ (እንደ ድሮ ሬዲዮ ያለ የመስታወት አምፖል) ያለው አምፕ ግዢ የሚል ሰው ይመጣል፤ እንዳትሰሚው። ድምፁ ቆንጆ ነው። ነገር ግን ጣዕሙ የሚወጣው ከፍ ሲል ነው፣ 5 ዋቱ እንኳ ብሎኩን ይቀሰቅሳል። ቲዩቡ ሲደክም መለወጫ ማግኘት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

የመርካቶው ጠጋኝ፦

ልጄ፣ ከአሜሪካ ስለሚመጣው እኔ ልመልስልሽ። ሥራዬ ነው።

እኛ አገር ሶኬት የሚሰጠው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ለዚያ ገበያ የተሠራ አምፕ ጀርባውን ብታዪ፣ ገመዱ በሚገባበት ቦታ አጠገብ 120 ቮልት ተብሎ ተጽፏል። ከ100 እስከ 240 የሚል ካልተጻፈበት በቀጥታ አይሰካም። የሶኬቱን እግር የሚቀይረው ትንሹ ነጭ ፕላስቲክ ቮልት አይቀይርም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እኔ ዘንድ የሚመጡት አንድ ዓይነት ናቸው። ከውጭ የመጣ አምፕ 220 ላይ ይሰካል። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ከሚችለው እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ቮልት ሲመጣበት ከመጠን ያለፈ ከረንት ይስባል። ዕድለኛ ከሆነ ፊውዙ ብቻ ይበጠሳል። ይሄ ጥሩ ነው፤ ፊውዝ የተሠራው ለዚያ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰፈር ያለ ልጅ ፊውዙን አውጥቶ በሽቦ ሲያስረውና እንደገና ሲሰካው ነው። ክዳኑን ስከፍተው የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ፊቴን ይመታኛል። የትራንስፎርመሩ ጥቅል ጠቁሯል፣ መጠቅለያ ወረቀቱ ተሰነጣጥቋል። ያንን እንደገና ማስጠቅለል ከትንሽ አምፕ ዋጋ ጋር ይቀራረባል።

ስለዚህ ሦስት መንገድ አለሽ። አንደኛው በባትሪ የሚሠራውን ማስመጣት ነው፤ ባትሪ የየትም አገር ባትሪ ነው። ሁለተኛው አዳፕተሩ ከውጭ የሆነውን መምረጥ ነው፤ አምፑ ራሱ የሚፈልገው ለምሳሌ 9 ቮልት ብቻ ከሆነ፣ አዳፕተሩን እዚሁ በ220 መተካት ይቻላል። ሦስተኛው 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር መግዛት ነው። እሱን ከመረጥሽ የሚቆጠረው የድምፁ ዋት አይደለም። አምፑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የኃይል ፍጆታ እይና ቢያንስ እጥፉን የሚችል ውሰጂ። ለትንሽ አምፕ ባለ 100 ዋቱ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። 50 ኸርዙ አይቀየርም፤ ትራንስፎርመሩ ትንሽ ሞቅ ይላል እንጂ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም።

የፍሮንትማኑ ነገር እንዲህ ነው። ከአሜሪካ ከመጣ የሚሠራው በ120 ስለሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። እዚህ ለ220 የተሠራውን ካገኘሽ ግን ምንም ጣጣ የለውም።

ናቲ፦

ለምን ብር ታወጫለሽ? ስልክሽ ላይ የአምፕ አፕ ጫኚ፣ ጊታሩን ከስልኩ ጋር የምታገናኝ ትንሽ ዕቃ ግዢ፣ በኢርፎን ተለማመጂ። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው፤ አሪፍ ነው።

ዳዊት ስድስት ክር፦

ናቲ፣ አይፎን ወይም አይፓድ ላለው ሰው ልክ ነህ። ጋራዥባንድ ውስጥ በነፃ የሚመጡት አምፖች ጥሩ ናቸው። ብዙዎቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ግን ድምፁ ዘግይቶ ነው ጆሮ የሚደርሰው። ክሩን መታ ታደርጊያለሽ፣ ድምፁ ትንሽ ቆይቶ ይመጣል። ሪትም ለሚማር ሰው ይሄ አደገኛ ነው፤ እጅ ከጆሮ ጋር መስማማቱ ይበላሻል። ኢርፎኑ ብሉቱዝ ከሆነ ደግሞ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊዘገይ ይችላል። በየትኛውም መንገድ ብትለማመጂ ኢርፎንሽ ባለ ገመድ ይሁን።

ርካሽ መፍትሔ ከተባለ ቮክስ አምፕላግ ይሻላል። ጊታሩ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ ነው፣ በሁለት ባለ ሦስት ኤ ባትሪ ይሠራል፣ የሚሰማው በሄድፎን ብቻ ነው። መዘግየት የለውም። ዋጋውም ከካታናው ግማሽ አካባቢ ነው።

መምህርት ዓለም (የጊታር አስተማሪ)፦

ህሊናዬ፣ ስለ ሳሎኑ ስፒከር ማንም አልመለሰልሽም። ይሰማል፤ ግን አይመከርም። የጊታርሽ ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) የሚሰጠው ደካማ ምልክት ነው፤ የጊታር አምፕ መግቢያው ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ለከረንት ያለው ተቃውሞ ወደ 1 ሜጋ ኦም ይደርሳል። የማይክ መግቢያ ከዚያ በብዙ ያነሰ ስለሆነ ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል። ጊታሩ ብርድ ልብስ የተከናነበ ይመስላል። ዲስቶርሽን ፔዳል (ድምፁን የሚያሻክር በእግር የሚረገጥ ዕቃ) ካስገባሽበት ደግሞ ይጮኻል፣ ጆሮ ይወጋል። የጊታር ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ሻካራ ድምፅ አያሳልፍም፤ የሙዚቃ ስፒከር ግን ሁሉንም ያወጣል። ለአንድ ሳምንት መታገሻ ይሆንሻል፤ ከዚያ በላይ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ቅኝቱ እንምጣ። ትዝታና ባቲ አምስት አምስት ኖታ ነው ያላቸው፤ ውበታቸው ያለው በኖታዎቹ መሀል በምናደርገው መንሸራተትና ማወዛወዝ ላይ ነው። አምፑ ላይ ጌይን (ድምፁን የሚያሻክረው ማዞሪያ) ከበዛ ይሄ ሁሉ ይድበሰበሳል። የሮሃ ባንዱን ሰላም ሥዩምን አዳምጪ፤ እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይሰማል። ተማሪዎቼን ሁሉ በክሊን አስጀምራለሁ፤ ክሊን ድምፅ ስህተትን አይሸፍንም፤ ጣትሽ አለማረፉን ወዲያው ይነግርሻል። አንቺም የቸገረሽ እሱ ነውና ካታናውን ከገዛሽ ክሊን ላይ አድርጊው፣ ጌይኑን ዝቅ፣ ቤዙን ከግማሽ በታች፣ ሚድሉን (መካከለኛውን ድምፅ) ከግማሽ ትንሽ ከፍ፣ ትሬብሉን (ቀጭኑን) ግማሽ ላይ። ዲሌዩን በጣም ጥቂት ጨምሪበት። ሮኩን ቅዳሜ ከሰዓት በክራንች ተጫወቺ።

ቦታውም ወሳኝ ነው። አምፑን መሬት ላይ አታስቀምጪ። ወፍራሙ ድምፅ በኮንክሪቱ አድርጎ ወደ ታችኛው ቤት ይወርዳል። ወንበር ላይ፣ ከሥሩ ፎጣ አጥፈሽ፣ ፊቱን ወደ ጆሮሽ አዙሪው። ከጎረቤትሽ ግድግዳም ጀርባውን አርቂው። ያኔ ድምፁን ዝቅ አድርገሽም አጥርተሽ ትሰሚያለሽ።

የሜሪላንዱ፦

እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። እዚህ ያገለገለ ሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ በጥሩ ዋጋ ይገኛል። ጂኤክስ የሚባለው 3 ዋት ነው፣ ስፒከሩ 5 ኢንች፣ በ6 ባለ ሁለት ኤ ባትሪ ይሄዳል፣ ቲውነር (ክር መቃኛ) እና ሪቨርብ (እንደ አዳራሽ የሚያስተጋባ) ውስጡ አለው። አልካላይን ባትሪ ካስገባሽበት እስከ 25 ሰዓት ይቆያል ይላል አምራቹ፤ ካታና ሚኒ ግን ወደ 7 ሰዓት ነው። መብራት ለሚሄድበት ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። አዲሱ ከበጀትሽ ስለሚያልፍ ነው ያገለገለ ያልኩሽ።

አክስትሽ ያገለገለ ከገዙ ሳይሞክሩ አይክፈሉ። እያንዳንዱን ማዞሪያ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ካንኮሻኮሸ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ድምፁ ብን ብሎ ከጠፋ ግን ይተዉት። የባትሪውን ክዳን ከፍተው ይዩ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ባትሪ አፍስሶበታል ማለት ነው። የሄድፎን መሰኪያውንም ይሞክሩት፤ አንቺ ቤት ከሁሉ በላይ የሚሠራው እሱ ነው።

ህሊና፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአክስቴ ደውዬ፣ መጀመሪያ ያገለገለ ማይክሮ ኪዩብ ጂኤክስ እንድትፈልግ ተነጋግረናል፤ ካጣች ካታና ሚኒ ታመጣለች። የመርካቶው ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የካታና ሚኒ አዳፕተር ለብቻው እንደሚሸጥ አየሁ። ቤት የተረፈ የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር አለኝ፣ ጫፉም ተመሳሳይ ይመስላል። ይሆናል? ደግሞ ጓደኛዬ ቤት አምፕ ላይ ስሰካ ጊታሬ ጥዝዝ ይላል፤ ተበላሽቶ ይሆን?

የመርካቶው ጠጋኝ፦

አይሆንም ልጄ፣ እንዳትሰኪው። የራውተር አዳፕተር ብዙ ጊዜ 12 ቮልት ነው፣ መሀሉ ፖዘቲቭ። የቦስ ዕቃ የሚፈልገው 9 ቮልት፣ መሀሉ ኔጌቲቭ ነው። ጫፉ ልክ ስለገባ ይስማማል ማለት አይደለም፤ ሰርኪዩቱን በቅጽበት ሊገድለው ይችላል። አዳፕተሩ ላይ መሀሉ ላይ ነጥብ ያለበት ክብ ሥዕል አለ፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን እሱ ላይ ታገኚዋለሽ። ከአምፑ ምልክት ጋር አንድ መሆን አለበት። አክስትሽ አዳፕተር የሚገዙ ከሆነም መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ይሁን። ማይክሮ ኪዩቡ አብሮት አዳፕተር ከመጣም ሳትሰኪ መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቢ።

ጥዝዝታው የስትራት ጠባይ ነው፤ ፒካፖቹ ነጠላ ጥቅል ስለሆኑ ከአካባቢው ይስባሉ። ከቴሌቪዥን፣ ከስልክ ቻርጀርና ከኤልኢዲ አምፖል ራቂ። የፒካፕ መቀየሪያውን ሁለተኛው ወይም አራተኛው ቦታ ላይ አድርጊው፤ በብዙዎቹ ስትራቶች ላይ እዚያ ጥዝዝታው ይቀንሳል። ክሩን ስትነኪ ጸጥ የሚል ከሆነ ጊታርሽ ጤነኛ ነው። ስትነኪው ከባሰበት ግን ውስጡ የኧርዝ ሽቦው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ይዘሽው ነይ፣ የአንድ ብየዳ ሥራ ነው።