ልጅን መልቀቅ የሚጀመረው መቼ ነው?

አባት ከቱሉ ዲምቱ፦
የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ከሄደች ወዲህ በየምሽቱ እደውልላታለሁ፤ የኪስ ገንዘቧንም ከፋፍዬ በየሳምንቱ በቴሌብር እልክላታለሁ። ሰሞኑን «አባዬ፣ በየቀኑ አትድከም፤ የምነግርህ ነገር ሲኖር እኔ እደውላለሁ» አለችኝ። ይህንስ እሺ ልበል፤ ይበልጥ የከነከነኝ የትምህርት ክፍል ምርጫዋ ነው። እኔ ፋርማሲ እንድትገባ ስመኝ እርሷ ሲቪል ምህንድስና ትላለች። በሕጉ 18 ዓመት የሞላው ሰው ለአካለ መጠን የደረሰ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ልጅ ጎጆ እስኪወጣ ድረስ ከወላጅ ቃል አይወጣም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል አንድ አባት የት ላይ ይቁም?

ነዋሪነቴ ሰበታ፦
ወንድሜ፣ የጅማ አውቶቡስ በእኛ ከተማ ስለሚያልፍ መስከረም ላይ አልጋ ልብስና ሻንጣ የጫኑ ተማሪዎችን ሳይ የእርስዎ ዓይነቱ ጭንቀት ይገባኛል። ነገር ግን መልቀቁ የተጀመረው ጅማ ስትሄድ አይመስለኝም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት በመጀመሩ፣ ብዙዎቹ ልጆቻችን ከእኛ ርቀው፣ ያለ ስልክ፣ ከማያውቋቸው ጋር አድረው ተፈትነዋል፤ ያን ጊዜ ችለው ያደሩ ልጆች የወር ወጪያቸውን መያዝ አያቅታቸውም። ስለዚህ ገንዘቡን በወር አንዴ ይላኩላት፤ ሃያ ቀን ሳይሞላ ካለቀባትም ቶሎ አይሙሉላት። በየሳምንቱ የሚላክ ገንዘብ፣ ላኪው ባያስበውም፣ የሒሳብ መጠየቂያ ይሆናል።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦
ጋሼ፣ ምግብና ማደሪያ በወጪ መጋራት ስለሚሸፈን ብዙ ገንዘብ አያስፈልጋትም፤ ኮፒ፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ፣ አልፎ አልፎ ከግቢ ውጭ መብላት ነው። ትልቁ ጉዳይ ምርጫው ነው። አንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበት ስለሆነ የትምህርት ክፍል ምደባው በውጤቷና በፍላጎቷ ይወሰናል፤ እርስዎ ፎርሙን አብረዋት ቢሞሉ እንኳ ውጤቱን የምታመጣው እርሷ ናት። አባታቸው የመረጡላቸውን ትምህርት የሚማሩ ጓደኞች አሉኝ፤ ሲወድቁ ጥፋቱን ወደ ቤት ይልካሉ እንጂ ራሳቸው አይሸከሙትም። ይልቅ በሙያው ላይ ያለ የሚያውቁት መሐንዲስ ካለ አገናኝተዋት ሥራውን ትጠይቀው።

እናት ከለገጣፎ፦
ከላይ በተባለው አብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም «ልቀቁ» የሚለው ምክር ሁሉን ባይጠቀልል እወዳለሁ። የወላጅ ስልክ ጥሪ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ስትታመም፣ ፈተና ሲደርስ፣ በተለይም ወደ ቤት በምትመለስበት ቀን። ጅማ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ የግቤ ቁልቁለትም አለበት። ከመናኸሪያ ስትነሳና ወልቂጤ ስትደርስ እንድትደውል መጠየቅ ቁጥጥር አይባልም፤ ለአዋቂ ወንድሜም የምጠይቀው ነው። የምሽቱን ጥሪ ግን በእሑድ ይተኩት፤ ለአንድ ሳምንት የተጠራቀመ ወሬ ከየዕለቱ «በላሽ ወይ?» ይሻላል።

አባት ከቱሉ ዲምቱ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ገንዘቡን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በአንድ ጊዜ እልካለሁ፤ የእሑዱንም ተቀብያለሁ። የምህንድስናው ነገር ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። የባለቤቴ የአጎት ልጅ የመንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ፣ ለሴሚስተር እረፍት ስትመጣ እርሱ ዘንድ እወስዳታለሁ፤ እኔ ግን ውጭ እጠብቃለሁ።