የድሮው የሲንተርክላስ መጽሐፍ፦ ከልጆች መደርደሪያ ይውረድ ወይስ ይቆይ?

እናት ከሮተርዳም፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ቅዳሜ ክሪንግሎፕ (ያገለገለ ዕቃ መሸጫ) ገብቼ ለልጄ ጫማ ስፈልግ አንድ የቆየ የሲንተርክላስ መጽሐፍ አገኘሁ፤ በ1 ዩሮ። ሲንተርክላስ ሆላንዶቹ በዲሴምበር ለልጆች ስጦታ ያመጣል የሚሉት ቅዱስ ኒኮላስ ነው። ሥዕሉ ሲያምር! ሌሊት ነው፣ ጣሪያው በረዶ ለብሷል፣ ጨረቃዋ ሙሉ ናት፣ ሽማግሌው በነጭ ፈረስ ከጣሪያ ጣሪያ ይሄዳል። ቀጣዩን ገጽ ስገልጥ ያው ጥቁሩ ፒት፤ ያጠፋ ልጅ በጆንያ ከቶ ወደ ስፔን ይወስዳል የሚባለው የሽማግሌው አገልጋይ። ፊቱ ከሰል፣ ከንፈሩ ቀይ፣ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ፣ ትከሻው ላይ ጆንያ። ከጆንያው አፍ የአንድ ነጭ ልጅ እግር ወጥቶ ይታያል። ልጄ ትምህርት ቤት ግሩፕ 3 ነው፣ ስድስት ዓመቱ። «ማሚ፣ ይሄ እኔን ይመስላል» አለኝ። አልከፋውም፣ አልሳቀም፤ ዝም ብሎ ነው ያለው። እኔ ነኝ ሌሊቱን ሳልተኛ ያደርኩት።

የምጠይቀው ስለ ቤቴ ብቻ አይደለም። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት ከልጆች ክፍል ስላነሣ ወላጆች ለሁለት ተከፍለዋል። መነሣቱ ልክ ነው? ይቆዩ? ወይስ ፊቱን ቀይሮ እንደገና ማተም ይሻላል?

አስተባባሪ፦ ርዕሱ ይኸው። ስድብ የለም፣ የድምፅ መልእክት ከሁለት ደቂቃ አይለፍ፣ ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። ባለፈው ጊዜ በዓመት ልዩነት ብቻ ሁለት ሰዓት ተጨቃጭቀናል።

ደን ሃግ 27 ዓመት፦ ይቆይ! ሦስት ልጆች በዚህ በዓል አሳድጌአለሁ። ዲሴምበር 5 ማታ ጫማቸውን አሰልፈው፣ ለፈረሱ ካሮት ከተው፣ ጠዋት ስማቸው የሚጀምርበትን የቸኮላታ ፊደል ሲያገኙ የነበረው ደስታ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። አንዳቸውም አልተጎዱም። ፒት የጠቆረው በጭስ ማውጫ ሲወርድ ጥቀርሻ ነክቶት ነው፤ ሆላንዶቹ ራሳቸው እንዲህ ነው የሚሉት። በእንግድነት ተቀብለውን የሰው በዓል ማወክ ከእኛ አይጠበቅም።

ተማሪዋ፣ ዩትሬክት፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፤ ጥቀርሻ ከሆነ ልብሱን እንዴት ሳይነካው ቀረ? ጥቀርሻ ጸጉር ያጠቀልላል? ከንፈር ያቀላል? ጉትቻስ ያንጠለጥላል?

ይህ ሥዕል የት እንደተጀመረ ይታወቃል። በ1850 ያን ስሄንክማን የሚባል የአምስተርዳም መምህር ስለ ቅዱስ ኒኮላስና ስለ አገልጋዩ ባለሥዕል የልጆች መጽሐፍ አወጣ። ከስፔን በእንፋሎት መርከብ መምጣቱ፣ ጥቁር አገልጋይ ማስከተሉ፣ በመጽሐፍ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። በመጀመሪያው እትም አገልጋዩ ስም እንኳ የለውም። የነፋ እጅጌና ላባ ያለው ኮፍያ በኋለኞቹ እትሞች የተጨመረ ነው። አሁን ቀኑን ይያዙልኝ፤ ሆላንድ በደቡብ አሜሪካዋ ቅኝ ግዛቷ በሱሪናምና በካሪቢያን ደሴቶቿ ባርነትን ያስቀረችው ጁላይ 1 ቀን 1863 ነው። መጽሐፉ ሲታተም ገና 13 ዓመት ይቀራል። ሱሪናም ላይማ ነጻ የተባሉት ሰዎች እስከ 1873 በግዳጅ ውል እርሻው ላይ ቆይተዋል። ሠዓሊው ጥቁር ሰው ሲስል አገልጋይ አድርጎ የሳለው ጭስ ማውጫ አይቶ አይደለም።

ከግሮኒንገን፦ እኔ ፔፐርኖተኑ (የበዓሉ ትንንሽ ብስኩት) እስካለ ድረስ ገለልተኛ ነኝ።

የአውቶቡስ ሹፌር፦ እኔ ከመጽሐፉ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከኖቬምበር ጋር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሽማግሌው አቀባበል ቀን፣ ከስፔን መጣ ብለው ሕዝቡ ወጥቶ በሚቀበለው ዕለት፣ መስመር ላይ ነበርኩ። አንዲት አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ ከእናቷ ጋር ስትገባ አየችኝና «ፒት መኪና ይነዳል!» ብላ ጮኸች። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ መሪ ይዣለሁ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። የምታውቀው ጥቁር ሰው መጽሐፏ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ጋሼ፣ ልጆቼ አልተጎዱም ይላሉ። ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?

አዲስ አበባ ሆኜ፦ እናንተ ሰው አገር ሄዳችሁ በሰው ሥዕል ትጣላላችሁ፤ እዚህ በየሆቴሉ በር የጥጥ በረዶ ለጥፈው፣ በላስቲክ ጥድ ሥር ቀይ ሽማግሌ አቁመው እኛ ምንም አላልንም።

አስተባባሪ፦ እሱን ለሌላ ቀን እናሳድረው። መምህር እጅ አውጥተዋል።

የሰንበት ት/ቤት መምህር፦ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ሰውየው የእኛም ነው። ቅዱስ ኒቆላዎስ የሜራ ኤጲስ ቆጶስ ነበር፤ አገሩ ዛሬ ቱርክ በሚባለው ነው። ስንክሳራችን ታኅሣሥ 10 ቀን ያስበዋል። ለድኻው ሰው ሦስት ልጆች በሌሊት ወርቅ የጣለላቸው እርሱ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ አገልጋይ የለም፣ ጆንያ የለም፣ ልጅ ጠፍሮ ወደ ስፔን መውሰድ የለም። በቀኝ እጁ የሰጠውን ግራው እንዳያውቅበት ብቻውን ነው የሄደው። (በነገራችን ላይ የያኔው የሆላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሩተ ስለ ባርነት በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት ዲሴምበር 19 ቀን 2022 ነው። በእኛ ቆጥሩት፤ ታኅሣሥ 10 ላይ ይወድቃል። እሳቸው ስንክሳር አይተው አይመስለኝም።)

ሁለተኛው ከበድ ይላል። የእኛን የድሮ ሥዕሎች ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን ይሳላል። ሰይጣኑስ? ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው። ልጆቻችንን እዚያ ሥዕል ሥር አቁመን እናስተምራለን። የሆላንዱን ስንነቅፍ የራሳችንንም ግድግዳ ቀና ብለን ብናይ።

ተማሪዋ፣ ዩትሬክት፦ መምህር፣ አይመሳሰልም። በእኛ ግድግዳ ላይ ጻድቁም መልአኩም እመቤታችንም የእኛ መልክ አላቸው። ልጁ ራሱን የሚያገኘው ከሰይጣኑ ሥዕል ብቻ አይደለም። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን እሱን የሚመስለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ጆንያ ይሸከማል።

የአውቶቡስ ሹፌር፦ የእኛም አያ ጅቦ ልጅ ያስፈራል፤ ግን አያ ጅቦ ክፍል ውስጥ አብሮህ የሚማረውን ልጅ አይመስልም።

የሰንበት ት/ቤት መምህር፦ እኔ ባደግኩበት ሰፈር ማስፈራሪያው ጅብ ብቻ አልነበረም። «ባርያው መጣልህ» ይባል ነበር። የሚባልለት ሰው ደግሞ አጥር ጥግ ቆሞ ይሰማል። እኛ በሕግ ያስቀረነው በ1942 ነው፣ ቃሉን ግን ገና አላስቀረንም። ከዚህ በላይ አልናገርም።

(ለሃያ ደቂቃ ያህል ማንም አልጻፈም።)

ጥበብ ወዳጅ፦ እኔ የምመልሰው «ፊቱን ቀይሮ ማተም» የሚለውን ነው። የግራፊክስ ሠራተኛ ነኝ፣ አሮጌ ኅትመት እሰበስባለሁ። በሶፍትዌር ፊቱን አንጽቶ፣ ሁለት ጉንጩ ላይ ጥቀርሻ ጣል አድርጎ «በ1900 የነበረ ውብ ሥዕል» ብሎ መሸጥ ውሸት ነው። አያቶቻቸው የሳሉትን ያልሳሉ ያስመስላል። አዲስ ከፈለጉ አዲስ ይሳሉ፣ ሠዓሊ ሞልቷል።

«ሥዕሉ ከተነካ በዓሉ ሞተ» ለሚሉት ደግሞ፤ የገና ሥዕል መቼ ቆሞ ያውቃል? ይኸው የሆላንዶቹ ሲንተርክላስ ኒው ዮርክ ሲደርስ ሳንታ ክሎዝ ተባለ። በጃንዋሪ 1863 ቶማስ ናስት የሚባል ጀርመን የተወለደ ሠዓሊ ሃርፐርስ ዊክሊ መጽሔት ላይ ሲስለው የአሜሪካን ባንዲራ አልብሶ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለሰሜኑ ጦር ወታደሮች ስጦታ ሲያድል አደረገው። የለየለት የጦርነት ቅስቀሳ ነበር! የጳጳሱ አክሊል ወለቀ፣ ፈረሱ ቀረ፣ ፒትም ባሕሩን አልተሻገረም። በዓሉ ሞተ? በ1843 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል ያሳተመው የመጀመሪያው የገና ካርድም አለ፤ ሥዕሉን የሠራው ጆን ሆርስሊ ነው። መሐሉ ላይ ቤተሰቡ ወይን ሲጠጣ ለአንዲት ሕፃን ልጅም ያቀምሷታል። ያኔ መጠጥ የሚቃወሙት ሰዎች ጮኹበት። ዛሬ ካርዱ ሙዚየም ውስጥ ነው፣ የልጅቷን ብርጭቆ ማንም አልፋቀም። መዋእለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ ደግሞ ማንም አይሰቅለውም።

ስለዚህ የእኔ ድምፅ፦ ከልጆች መደርደሪያ ይውረድ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ግን አይውጣ። ቤዝመንትም አይወርወር። ትልልቆች የሚያዩበት ክፍል ይግባ፣ ሳይነካካ።

ከአልሜሬ፦ ይህ «ይውረድ» የምትሉት ነገር እኮ ሰውን ያስቆጣል። በ2014 ጎውዳ ላይ በአቀባበሉ ቀን 90 ሰው ታስሯል። በ2017 ፍሪስላንድ ውስጥ ተቃዋሚዎች የተሳፈሩባቸውን አውቶቡሶች አውራ ጎዳና ላይ ያገቷቸውን አስታውሱ። ለአንድ የሥዕል መጽሐፍ ጎረቤቴን ላጣ?

ተማሪዋ፣ ዩትሬክት፦ የተቆጣው ተቆጥቶ አገሩ ግን ተቀይሯል። ከ2019 ጀምሮ በቴሌቪዥን የሚመጡት ፒቶች ጥቀርሻ ጣል ያደረጉ ናቸው። በ2020 ፌስቡክ ሙሉ ጥቁር የተቀባውን የፒት ፎቶ ከለከለ። ሩተ ራሳቸው በዚያው ዓመት ሐሳባቸው መለወጡን ተናገሩ። የቀረው የቆየው መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ነው ሁሉ ጠብ ወደ መደርደሪያው የመጣው።

ደን ሃግ 27 ዓመት፦ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። ሹፌሩ «ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?» ሲል ለትልቋ ደወልኩላት። ሳቀች መጀመሪያ። ከዚያ አምስተኛ ክፍል እያለች አስተማሪዋ ለትምህርት ቤቱ በዓል ፒት እንድትሆን እንደመረጠቻት ነገረችኝ። «ለአንቺ ቀለም አያስፈልግሽም፣ ያለሽው ይበቃል» ብላታለች። ልጅቷ ለብሳ ወጣች። ፎቶው እኔ ሳሎን ተሰቅሎ ነበር እኮ! ለእንግዳ ሁሉ ሳሳይ ነው የኖርኩት።

ሃያ ዓመት አልነገረችኝም። «አባዬ፣ አንተ በጣም ደስ ብሎህ ነበር» አለችኝ።

አሁንም መጽሐፉ ይጥፋ አልልም። ጥበብ ወዳጅ ያለውን እቀበላለሁ። ጥቀርሻ ነው ያልኩትን ግን አንሥቼዋለሁ።

የአውቶቡስ ሹፌር፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለእኔም ቀላል አልነበረም መጠየቁ።

ከአልሜሬ፦ እኔ አልተለወጥኩም። ቤተ መጻሕፍት ለልጅ የሚከለክለው ሥዕል ብዙ ከሆነ ነገ የእኛንም ጻድቃን ያወርዱብናል። ይመዝገብልኝ።

አስተባባሪ፦ ተመዝግቧል። እህቴ፣ ጥያቄው ያንቺ ነበርና መጨረሻ ላይ አንቺ ተናገሪ።

እናት ከሮተርዳም፦ ሁላችሁንም አነበብኩ። ለቤተ መጻሕፍቱ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ከልጆች ክፍል መነሣቱን እደግፋለሁ፣ መጣሉን አልደግፍም ብዬ። የቤቱ ግን አስቸግሮኛል። ልጄ ጣሪያውንና ፈረሱን ካላሳየሽኝ አልተኛም ይላል። እሱን ገልጬ አሳየውና የሚቀጥለውን ገጽ በጣቴ ይዤ ሁለቱን አንድ ላይ እገልጣለሁ። ትናንት «ማሚ፣ አንድ ገጽ ዘለልሽ» አለኝ። መቁጠር ተምሮብኛል።

ተማሪዋ፣ ዩትሬክት፦ ስንት ዓመት የታተመ ነው?

እናት ከሮተርዳም፦ የፊት ገጹ ተቀዷል፣ ዓመቱ አይታይም።

ጥበብ ወዳጅ፦ ከወረቀቱና ከቀለሙ መገመት ይቻላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘሽው ነይ። ልጁንም።

ደን ሃግ 27 ዓመት፦ እኔም ፎቶውን ይዤ እመጣለሁ።