ለ5 ዓመት ልጅ የልብ ምትን እንዴት ላሰማው?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። የካቲት 7 የፍቅረኞች ቀን ነው አይደል? ልጆቼ «እኛስ?» ብለው ወጥረው ይዘውኛል። አያታቸው «የፈረንጅ ነገር» ብለው ፊታቸውን ቢያዞሩም፣ እቤት ሆነን የሚማሩበትን ነገር ላዘጋጅ ብያለሁ።

ያሰብኩት ስለ ልብ ነው። ትልቋ 9 ዓመቷ ነው። ሁለት ጣቷን የእጇ አንጓ ላይ አድርጋ ለ30 ሰከንድ ትቆጥርና በ2 ታባዛለች። ከዚያ ገመድ ዘላ እንደገና ትቆጥራለች። የአያቷንም ትለካለች (ቡና ከጠጡ በኋላ ቢሆን ይሻላል፣ እሺ የሚሉት ያኔ ነው)። የአዋቂ ሰው ልብ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል፣ የትንንሽ ልጆች ደግሞ ይፈጥናል። ሁሉንም በግራፍ ትሠራዋለች። እሷ አታሳስበኝም።

የቸገረኝ ትንሹ ነው። ምቱን በጣቱ አያገኘውም፤ ቢያገኘውም 20 ላይ ቆጠራው ይጠፋበታል። በጆሮው ይስማ ብዬ የሃይላንድ አፍ ቆርጬ ከሰኞ ገበያ የገዛሁትን ቀጭን ጎማ ሰካሁበት። የሚሰማው ግን ሹሹታ ብቻ ነው! ሰፊው አፍ ላይ ፊኛ ብወጥርበት ይሻላል? ወይስ ጎማውን ላሳጥረው? አንድ ሜትር ያህል ይሆናል።

ሌላም አለ። ለእያንዳንዱ የቤት ሰው የምስጋና ወረቀት ልንጽፍ ነው። እሱ ገና ፊደል እየለየ ነውና በምን ይሳተፍ? መምህራንም ነርሶችም ካላችሁ ሐሳብ ወርወር አድርጉልኝ።