የትንንሾቹ እንግሊዝኛ፦ ረቂቁን አብረን እናርመው

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የእንግሊዝኛ ትምህርቱ ረቂቅ ይኸው። ከ6 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች፣ ለ12 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለቴ፣ በየጊዜው 30 ደቂቃ። ዓላማው “ስምንቱን የንግግር ክፍሎች ከነትርጉማቸው ማሳወቅ” ይላል። የማይጥማችሁን ጻፉ፤ ሐሙስ ማታ እዘጋዋለሁ።

የአንደኛ ክፍል መምህርት፦
ስምንቱንም? ወንድሜ፣ ተው እንጂ። ለሰባት ዓመት ልጅ ቃለ አጋኖ ምን ሊረባው? “ዋው” ማለትን እንደሆነ ከካርቱን ተምሮ ጨርሷል።
እኛ ልጆች ሳለን “ኧ ናውን ኢዝ ዘ ኔም ኦፍ ኧ ፐርሰን፣ ፕሌስ ኦር ቲንግ” እያልን በዜማ እንወርደው ነበር። አንድ ቀን መምህሩ “ቴብል ምንድን ነው?” ሲለኝ “ቨርብ” አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ትርጉሙን እኮ አንዲት ቃል ሳልስት እለዋለሁ!
አራት ይበቃሉ፦ ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ መስተዋድድ።

ጡረታ የወጡ መምህር፦
ልክ ነሽ ልጄ። ግን ተውላጠ ስምን መጣልሽ ያስቸግርሻል። በአማርኛ “ሮጠች” ስንል ማን እንደሮጠች ግሱ ራሱ ይናገራል። የእንግሊዝኛው “ራን” ግን ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ ምንም አይልም። ልጆቻችን “ኢዝ ሬይኒንግ” የሚሉት ለዚህ ነው። “እየዘነበ ነው” ውስጥ “ኢት” የሚባል ነገር አላዩማ! ስለዚህ “ሺ”፣ “ሂ”፣ “ኢት” ከግሱ ጋር ከመጀመሪያው ቀን ይግቡ።
ሌላም አለኝ። ረቂቁ ላይ በየቃሉ ካርድ ላይ “ስም” ወይም “ግስ” ይጻፍ ይላል። “ዋተር”ን የት ልታስቀምጡት ነው? ውሃ ሲሆን ስም ነው። “ዋተር ዘ ፕላንት” ሲባል ማጠጣት ሆነ። እኛ ጋ ውሃ ሌላ፣ ማጠጣት ሌላ ቃል ነው። እዚያ ቃሉ ያው ነው፤ የሚለየው የገባበት ቦታ ነው። ልጁን “ይህ ቃል ምንድን ነው?” አትበሉት። “እዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ምን እየሠራ ነው?” በሉት።

የአንደኛ ክፍል መምህርት፦
እሺ ጋሼ፣ ተረታሁ። አምስት ይሁኑ።

አንዲት ወላጅ፦
እኔ አስተማሪ አይደለሁም፤ ቤት የማየውን ልንገራችሁ። ልጄ “ቱ ካት” ይላል። “ካትስ” በል አልኩት። በማግስቱ “ቱ ቢግስ ካትስ” ብሎኝ አረፈ። “ፉትስ” እና፣ “ዌንት” ለማለት፣ “ጎድ”ም ጀምሯል። ወደ ኋላ እየሄደ ነው እንዴ?

ጡረታ የወጡ መምህር፦
ኧረ ወደ ፊት ነው የሄደው! “ጎድ” የሚል ትልቅ ሰው ሰምቶ አይመስለኝም፤ ሕጉን ራሱ አውጥቶ ነው። ዣን በርኮ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመችው ጥናት አለ። ለልጆች የፈጠራ እንስሳ ሥዕል አሳየች፤ ስሙን “ዋግ” አለችው። ሁለት ሲሆኑስ ስትላቸው አብዛኞቹ “ዋግዝ” አሉ። ቃሉን ከማንም ሊሰሙ አይችሉም፤ ያኔ መፈጠሩ ነው።
“ቱ ካት” ደግሞ ከእኛው “ሁለት ድመት” የመጣ ነው። “ቢግስ”ም “ትልልቅ ድመቶች” ከማለታችን ሊሆን ይችላል፤ እኛ ቅጽሉንም እናበዛለን። እንግሊዝኛ አያበዛም። ይህቺ ለብቻዋ አንድ ክፍለ ጊዜ ይገባታል። ልጁን ግን አትቆጪው። “አዎ፣ ቱ ቢግ ካትስ!” ብለሽ አስተካክለሽ መልሺለት፣ በቃ።

የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ፦
እኔ ስለ መስተዋድድ ብቻ። ወረቀት አያስፈልግም። አንድ ትልቅ ካርቶን እና አንድ ኳስ አምጡ። “ፑት ዘ ቦል ኢን ዘ ቦክስ” ትያለሽ፤ ያስገባል። “አንደር” ትያለሽ፤ ካርቶኑን ያነሳል። ባለፈው አንዷ ኳሱን ትታ ራሷ ካርቶኑ ውስጥ ገባችና “አይ አም ኢን!” አለች። የዚያን ቀን ትምህርት እዚያው አለቀ። እኛ “ሳጥኑ ውስጥ” ስንል “ውስጥ” ከኋላ ነው፤ እነሱ “ኢን”ን ከፊት ያደርጋሉ። ይህን በቃል ከማስረዳት በእጅ ማስነካት ይቀላል። ትእዛዝን በአካል እየፈጸሙ ቋንቋ መማር ጄምስ አሸር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፤ አዲስ ነገር አላመጣሁም።
ለቀለምም ከሞንቴሶሪ፣ ልጆች ዕቃ በእጃቸው እየነኩ ከሚማሩበት ዘዴ፣ እንዋስ፦ ስም ጥቁር ሦስት ማዕዘን፣ ግስ ቀይ ክብ። ልጁ “ናውን” የሚለውን ስያሜ ሳያውቅ ምልክቱን ከቃሉ በላይ ያስቀምጣል። ስያሜው በኋላ ይደርሳል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ጥሩ። ዓላማው እንዲህ ተቀየረ፦ “ልጆች በአምስት ዓይነት ቃላት የራሳቸውን አጭር ዐረፍተ ነገር እንዲሠሩ ማድረግ”። የትርጉም ሽምደዳ ወጣ፤ ካርዶቹም ያለ መለያ ይታተማሉ። ስያሜዎቹ ከ9ኛው ሳምንት በኋላ ይመጣሉ፤ በአማርኛ ይሁኑ በእንግሊዝኛ ግን አልተስማማንም።

የአንደኛ ክፍል መምህርት፦
ሁለቱንም። “ስም” ብለን ጀምረን “ናውን” እንጨምርበት። ፈተናውስ?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
አንድ ሥዕል፣ ሦስት ዐረፍተ ነገር፣ በቃል። የሚቃወም አለ?

የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ፦
የለም። ካርቶኑን እኔ አመጣለሁ፤ ትልቁን።