ሁለተኛው ጉዳት ድመቷን እንዴት እንድታይ አደረጋት?

ጥያቄ፦ የፊዚዮሎጂ ተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ለክፍል ፕሬዘንቴሽን የነርቭ ተመራማሪው የጄምስ ስፕራግ የ1966 ሙከራ ደረሰኝ። የድመቷ አንድ ጎን ቪዥዋል ኮርቴክስ (እይታን የሚያስተናግደው የአንጎል ቅርፊት) በሰፊው ተወገደ። ከዚያ በተቃራኒው በኩል ወደሚመጣ ነገር መዞር አቆመች። እስከዚህ ገብቶኛል። ቀጥሎ ግን በሌላኛው ጎን ያለው ሱፐርየር ኮሊኩለስ (ዓይንና ጭንቅላትን ወደሚታይ ነገር የሚያዞረው የመካከለኛ አንጎል ክፍል) ሲወገድ እንደገና መዞር ጀመረች ይላል። ጉዳት ላይ ጉዳት ተጨምሮ እንዴት ይሻላታል? ልስለው ስል ደግሞ ግራና ቀኙ ይምታታብኛል። ሰኞ ነው የማቀርበው፣ እባካችሁ።

መልስ፦ ነርቭ ወዳጅ
አይዞህ ወንድሜ። አንዱን ጎን ያዝና ተከተለው። ግራው ኮርቴክስ ተወገደ እንበል። ግራው ኮሊኩለስ አልተነካም። ከሬቲና (ከዓይን ውስጥ ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) በቀጥታ መልእክት ይደርሰዋል፣ ሥራውም የቀኙን እይታ መከታተል ነው። ግን ከኮርቴክስ ያገኝ የነበረው ማነቃቂያ ቀረበት። ከቀኝ በኩል የሚይዘው ፍሬን ደግሞ እንዳለ ነው። ስለዚህ ዝም አለ። ቀኙ ኮሊኩለስ ሲወገድ ፍሬኑ ይላላል፣ ግራው ይነቃል፣ ድመቷም ወደ ቀኝ ትዞራለች። ስፕራግ ሁለቱን ኮሊኩለስ የሚያገናኙትን ነርቮች ሲቆርጥም መዞሩ ተመልሷል። ይህን አትዝለለው፣ ዋናው ማስረጃ እሱ ነው።

መልስ፦ ማስተር እየሠራሁ ነው
ከላይ ባለው እስማማለሁ። ግን ፍሬኑ ሁሉ የሚመጣው ከኮሊኩለስ ነው ብለህ እንዳትጽፍ። በኋላ በተሠሩ ጥናቶች፣ በዚያው በኩል ከሚሻገሩት ነርቮች መካከል ከተቃራኒው ጎን ሰብስታንሺያ ናይግራ (እንቅስቃሴን ከሚቆጣጠሩት የመካከለኛ አንጎል ክፍሎች አንዱ) የሚነሱ አሉ። የሚለቁት ጋባ የሚባል ኬሚካል ነው፣ ማለትም የሚያፍኑ ናቸው። መምህርህ ከጠየቀህ እዚህ ጋ ነው የሚይዝህ።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም
ስለ ዓይን እንቅስቃሴው ልጨምር። ኮሊኩለሱ ላይ የእይታው ካርታ አለ። የፊተኛው ክፍል መሃሉን ይይዛል፣ የኋለኛው ዳሩን። ትእዛዙ መሃል መስመሩን ተሻግሮ ወደ አንጎል ግንድ ይወርዳል። ከዚያ ዓይንንም አንገትንም ያንቀሳቅሳል። የድመት ዓይን ወደ ጎን የሚዞረው 25 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ራሷም አብሮ ይዞራል። ለዚህ ነው በሙከራው መዞሯ የሚታየው። ከፊት ለፊቷ ምግብ ይያዛል፣ ከጎን ሌላ ነገር ብቅ ይላል። «ዓይኗ በራ» አትበል። የተመለሰው ወደ ነገሩ መዞር ነው፣ ቅርጽን አጥርቶ መለየት ሌላ ጉዳይ ነው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አሁን ሥዕሉ ወጣልኝ። ዶክተር፣ ሳይቆረጥ የሚመልሰው መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም
አለ። በ2015 የታተመ የድመት ጥናት አለ። በታወረው ጎን ብርሃንና ድምፅ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ እየሰጡ ደጋግመው አለማመዷቸው። ያለ ቀዶ ጥገና መዞሩ ተመለሰ፣ የኮሊኩለሱ ሴሎችም ለብርሃን መልስ መስጠት ጀመሩ። በስትሮክ ግማሽ እይታቸውን ላጡ ሰዎች ተስፋ ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ፣ የመጨረሻ ስላይድህ ላይ አስገባው።