ጥቆማ፦ የሰርግ ፎቶ ሪታች (ፎቶ ማጽዳትና ማስተካከል) የት እናሠራ? ብጉሩ ጠፍቶ የህትመት ጥራቱ እንዳይወርድ

ሰርጓ በጥር የነበረ አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጠይቃለች፦ «በሰርጌ ሳምንት ፊቴ ላይ ብጉር ወጣብኝ። ሜካፑ ከሩቅ ሸፍኖታል፣ በቅርብ የተነሳሁት ላይ ግን ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ለአልበም 30 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ለሳሎን ደግሞ አንድ ትልቅ ፎቶ ማሳተም እፈልጋለሁ። ማን ጋ ልውሰደው? በስልኬ ባጸዳውስ ጥራቱ ይወርዳል?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ጥያቄሽ የብዙ ሙሽሮች ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

የህትመት ጥራት የሚወርደው ብጉር ስለጠፋ አይደለም። አንዲት ብጉር ስትጠፋ የሚነኩት ከሚሊዮኖች ፒክሰል (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) መሃል ጥቂቶቹ ናቸው። ጥራቱን የሚበሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ፎቶው ከሰው ወደ ሰው ሲላክ መጠኑ ማነሱና ፊቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲለሰልስ መደረጉ። ስለዚህ ማን ይሥራው ከማለትሽ በፊት እጅሽ ላይ ያለው ፋይል ምን እንደሆነ እዪ። ባለ 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ የሚያነሳው ፎቶ 6000 በ4000 ፒክሰል ነው። አሳታሚዎች በሚጠይቁት በ300 ፒክሰል በኢንች ሲሰላ ረጅሙ ጎን ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል። ያንቺ 30 በ40 የሚፈልገው 3543 በ4724 ፒክሰል ነው፤ ያለ ምንም ማሳደግ ይበቃሻል ማለት ነው። ለሳሎኑ ፎቶም አትጨነቂ። አንድ ሜትር የሚደርስ ፎቶ ሰው ቆም ብሎ ከራቅ ያለ ቦታ ስለሚያየው 150 ፒክሰል በኢንች በቂው ነው፤ ያው 6000 ፒክሰል አንድ ሜትር ይሸፍናል።

አሁን ደግሞ ፎቶ አንሺው በቴሌግራም የላከልሽን ተመልከቺ። እንደ ፎቶ ከተላከ ረጅሙ ጎን ብዙውን ጊዜ ወደ 1280 ፒክሰል ይወርዳል። ይህ በ300 ሲሰላ 11 ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም። ብዙ ሰው «ኤዲተሩ አበላሸብኝ» የሚለው ፋይሉ ገና ኤዲተሩ ጋ ሳይደርስ ከስቶ ነው። ቴሌግራም ላይ «ፋይል» የሚለውን መርጦ መላክ ኦሪጅናሉን እንዳለ ያሳልፋል፤ ከዚያ የተሻለው ግን በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ በእጅ መቀበል ነው።

ወደ ሥራ ቦታው እንምጣ። አዲስ አበባ ላይ ያሉሽ አማራጮች ባጭሩ አራት ናቸው፤ እኔ እኩል አላያቸውም።

የመጀመሪያው ፎቶ አንሺው ራሱ ነው፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትም እሱ ነው። ጥሬው ፋይል፣ ማለትም ሮው የሚሉት፣ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ከሮው ተነስቶ የተሠራ ፊት የብርሃኑና የቀለሙ ልስላሴ ተጨምቆ ከሚቀመጠው ከተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ከጄፔግ፣ በጣም ይሻላል፤ በተለይ የካሜራው ፍላሽ ግንባርና አፍንጫ ላይ ወዝ አብርቶ ከሆነ ከጄፔግ ማውጣት የማይቻለውን ከሮው ማውጣት ይቻላል። ውልሽን አውጥተሽ አንብቢ፤ ስንት ፎቶ ሪታች እንደሚደረግ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ጊዜ ነው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሰርግ ስለሚደራረብ ሥራው ለረዳት ኤዲተር ይተላለፋል፤ ረዳቱ ደግሞ አንድ ፕሪሴት (ቀድሞ የተዘጋጀ ማስተካከያ) ለሁሉም ይጭንና ያልፋል። ስለዚህ «አልበሙን ሥራልኝ» ብቻ አትበዪው። የፎቶዎቹን ቁጥር ጽፈሽ ስጪው፣ ከጎኑም ምን እንዲጠፋ ምን እንዲቀር እንደምትፈልጊ።

ሁለተኛው በግሉ የሚሠራ ሪታቸር ነው፤ በቴሌግራምና በኢንስታግራም ሥራቸውን የሚያሳዩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ለቅርብ ፎቶዎችሽ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። በፎቶ ስለሚከፈለው አንድን ፊት ረጋ ብሎ ይሠራል። ነገር ግን በገጹ ላይ በለጠፈው አትመዝኚው፤ ስልክ ላይ ሁሉም ያምራል። የአንድ ሥራውን በፊትና በኋላ፣ ፊቱ ላይ 100 ፐርሰንት ዙም ተደርጎ እንዲልክልሽ ጠይቂ፤ እንደ ፋይል ይላክ። ከዚያ ጉንጭና አገጩን እዪ። የቆዳው ቀዳዳ፣ ስስ ጸጉሩ፣ ከከንፈር በላይ ያለችው ትንሽ መስመር ካሉ ሰውየው ሥራውን ያውቃል። ጉንጩ ልሙጥ ሆኖ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ብቻ ጥርት ብለው ከቀሩ አፕ ነው የሠራው። ደግሞም ከአንገትና ከጆሮ ስር ያለውን ቀለም ከፊቱ ጋር አስተያዪ። ፊቱ አንገቱን ካልመሰለ አትስጪው።

ሦስተኛው ማሳጠቢያው ቤት ነው፤ እዚያው ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጠው ልጅ ጠብቀሽው ይሠራልሽና ወዲያው ይታተማል። ፈጣን ነው፣ ርካሽም ነው። ግን እጁ የሰለጠነው በጉርድ ፎቶ ነው፤ ቶሎ ማለስለስና ማንጣት ልማዱ ነው። ለ10 በ15 የሚዜና የዘመድ ፎቶ ይበቃል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶ ግን አልመክርም። (ከፒያሳ ሰፊው ክፍል በ2016 ዓ.ም. ስለፈረሰ፣ ድሮ የምታውቁት ቤት ካለ ወዴት እንደተዛወረ ደውላችሁ አረጋግጡ።)

አራተኛው ራስሽ መሥራት ነው፤ ለዚህ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞቹን ላወዳድር።

ፎቶሾፕ አሁንም የሚበልጠው የለም፤ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ግን ለብዙዎቻችን አይቻልም። ጊምፕ ነጻ ነው፤ ብጉር ለማጥፋት የሚያስፈልገው የሂል መሣሪያ አለው፣ በ2025 የወጣው 3.0 ደግሞ ከቀድሞው በጣም ተሻሽሏል። አፊኒቲ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ በነጻ ይገኛል፤ የካንቫ አካውንት ብቻ ይጠይቃል። ለጀማሪ እኔ አፊኒቲን እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ገጽታው ፎቶሾፕን ስለሚመስል ፎቶሾፕን የሚያስተምር ብዙው ቪዲዮ ይጠቅምሻል። ላይትሩም ብዙ ፎቶ ለማቅናት ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ብጉርም ያጠፋል፤ ተጠግቶ ለሚሠራ ፊት ግን እጅ ያጥረዋል።

አሠራሩ ይህ ነው፤ አትቸኩዪ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ፎቶውን ክፈቺና ከላዩ አዲስ ባዶ ሌየር (እንደ ግልጽ ወረቀት የሚነባበር ገጽ) ጨምሪ። ብጉር የሚያጠፋውን የሂሊንግ ብራሽ ከታች ካሉት ሌየሮች እንዲወስድ አድርጊው፤ ሁሉም ሥራ በባዶው ሌየር ላይ ይሁን፣ ኦሪጅናሉ አይነካ። 100 ፐርሰንት ዙም አድርጊ። ብራሹን ከብጉሩ ጥቂት ብቻ ከፍ እንዲል አድርገሽ አንዴ ጠቅ አድርጊ፤ አትጎትቺ። ከጸጉር መስመርና ከከንፈር ጠርዝ አጠገብ ሂሊንግ ቀለሙን ስለሚያደባልቅ እዚያ ከሌላ ቦታ እንዳለ የሚቀዳውን ክሎን ስታምፕ ተጠቀሚ። ጠባሳና ማድያት ከሆነ በሌላ ባዶ ሌየር ላይ ሥሪው፣ ሙሉ በሙሉ ግን አታጥፊ፤ የዚያን ሌየር ኦፓሲቲ (የሚሸፍንበትን መጠን) ወደ 60 ወይም 70 ፐርሰንት ዝቅ ስታደርጊው ቆዳው ቆዳ ሆኖ ይቀራል፣ ዓይንም አያርፍበትም። ከዓይን ስር ያለ ጥላም እንዲሁ ነው፤ ፈጽሞ ከጠፋ ፊቱ ሕይወት ያጣል።

ሥራሽን በቲፍ ወይም በፒኤስዲ ሴቭ አድርጊ። ጄፔግ በተከፈተና ዳግም ሴቭ በተደረገ ቁጥር እንደገና ይጨመቃል፤ ትንሽ ትንሽ እየተበላ በተለይ በጠራ ሰማይና በቬሎ ጥላ ላይ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ያመጣል። ጄፔግ የምታወጪው በመጨረሻ፣ ለማሳጠቢያው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በከፍተኛው ጥራት። ከለር ፕሮፋይሉን (ቀለሙ እንዴት እንደሚነበብ ለማሽኑ የሚነግረውን) ኤስአርጂቢ አድርጊው። አዶቢ አርጂቢ የሚባል ሌላ ፕሮፋይል ያለው ፋይል፣ ፕሮፋይሉን ወደማያነብ ማሽን ከገባ ቀለሙ ደብዝዞ፣ የሙሽሪት ፊትም አመድማ ሆኖ ይወጣል።

አንድ ነገር በጣም ስለሚያሳዝነኝ ልጻፈው። ሪታች ማለት ማንጣት አይደለም። ጠይም ሙሽራ ገብታ ቀይ ሙሽራ የምትወጣባቸው አልበሞች በዝተዋል። የራሷ መልክ በራሷ የሰርግ አልበም ላይ የለም፤ ልጆቿ ነገ አልበሙን ሲገልጡ እናታቸውን ይፈልጓታል። ለሠሪው በግልጽ ንገሩት፤ «የቆዳዬን ቀለም አትንካ» በሉት። በፊቱ ላይ ያለች ማርያም የሳመቻት ምልክትም አትጥፋ። የእናቶቻችን የአንገት ንቅሳትና በግንባራቸው ላይ ያለው መስቀልም እንዲሁ። ብዙ ፎቶ በአንዴ የሚያጸዱ አፖች ንቅሳቱን እንደ ጉድፍ ቆጥረው ያደበዝዙታል፤ ስለዚህ የመልስ ቀን የተነሳውን የቤተሰብ ፎቶ አንድ በአንድ ሳታዪ እንዲታተም አትፍቀጂ። ፊትን ለማብራት ሲባል የሐበሻ ቀሚሱ ነጩ ተቃጥሎ የጥበቡ ክር የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ደረቱ ላይ ያለውን ጥበብ አጉልተሽ እዪ፤ ክሩ ካልተቆጠረ ብርሃኑ በዝቷል።

ለህትመቱ ደግሞ ወረቀቱን ምረጪ። በኬሚካል የሚታጠበው የፎቶ ወረቀት ለፊት ቀለም እስካሁን የምወደው ነው፤ ከጠይም ወደ ጥቁር የሚሄደውን ጥላ ሳይቆራርጥ ያሳያል። እንደ መጽሔት በሌዘር ማሽን የሚታተመው አልበም ገጹ ስስና ማራኪ ነው፣ ግን ተጠግተሽ ካየሽው ቆዳ ላይ ነጥብ ነጥቡ ይታያል። አዳራሽ መግቢያ ላይ የሚቆመው የባነር ህትመት ለአንድ ቀን ነው፤ እሱን ሳሎን አትስቀይው። ለሳሎን ካንቫስ ወይም የፎቶ ወረቀት በፍሬም ይሁን። ካንቫሱ ሸካራ ስለሆነ ጥቃቅን የሪታች ጉድለትን ይሸፍናል፤ የሚያብረቀርቅ ላሜኔሽን ግን ሁሉንም ያጋልጣል፣ መስኮት ፊት ለፊት ከተሰቀለማ የሚታየው መስኮቱ ነው። የማያብረቀርቀውን፣ ማት የሚሉትን ያዢ።

ትልቁን ከማዘዝሽ በፊት ይህን አድርጊ። ከትልቁ ፎቶ ላይ፣ በሚታተምበት መጠን እንዳለ፣ ፊቱ ያለበትን 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ቆርጠሽ ብቻውን አሳጥቢ። ዋጋው የአንድ ትንሽ ፎቶ ዋጋ ነው። ወደ ውጭ ወጥተሽ በቀን ብርሃን እዪው። ከስክሪኑ የጨለመ ከመሰለሽ ብዙ ጊዜ የበዛው የስክሪንሽ ብርሃን ነው፤ እሱን ወደ ግማሽ አውርደሽ ፎቶውን እንደገና አስተካክዪ።

በአስተያየት ለተነሱት ጥያቄዎች፦

«በስልክ አይቻልም?» ይቻላል፣ ስናፕሲድ በሚባለው አፕ። ነጻ ነው፣ ሂሊንጉም ጥሩ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ መጠን እንዳይቀንስ፣ ጥራቱም 100 ፐርሰንት እንዲሆን ምረጡ። ጣት ወፍራም ስለሆነ በደንብ አጉልታችሁ ሥሩ። ፊትን በራሳቸው የሚያሳምሩ አፖችን ግን ለህትመት አትጠቀሙ።

«የደበዘዘ ፎቶን በኤአይ ጥርት ማድረግስ?» ከሩቅ ለተነሳ፣ ፊቱ ለማይለይ ሰው አይሆንም። እነዚህ ፕሮግራሞች የጎደለውን ከራሳቸው ይሞላሉ፤ አያትሽን የምትመስል፣ አያትሽ ያልሆነች ሴት ይሰጡሻል። ፊቱ ጥርት ያለ ሆኖ መጠኑ ብቻ ለትልቅ ህትመት ካነሰ ግን ሱፐር ሪዞሉሽን የሚባለው የላይትሩም ማሳደጊያ ወይም አፕስኬይል የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሁለት እጥፍ ቢያሳድጉት ችግር የለውም። ከዚያ በላይ አትሂዱ።

«ሰርጌ አዲስ አበባ ነበር፣ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እዚህ ላሳትመው?» አዎ፣ ፋይሉ ሙሉ ከሆነ እዚያ በኦንላይን የሚያሳትሙ ጥሩ ቤቶች አሉ። ከአገር ስትወጡ ሃርድ ዲስኩን ራሳችሁ ያዙት፤ ሮውን ካልሰጧችሁ ቢያንስ ሙሉ መጠን ያለውን ጄፔግ ጠይቁ። ስታዝዙ የሚቀርብላችሁን የከለር ማስተካከያ ምርጫ አጥፉት፤ ሪታቸሩ የጠበቀውን ጠይምነት ማሽኑ በራሱ አብርቶ እንዳይመልሰው።