ስኳር ላለበት ሰው የልብ አልትራሳውንድ፦ ድሬ ወይስ ሐረር?

«ስኳር ያለባት እናቴን ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የት ላሳያት?» ብላችሁ ለጠየቃችሁ፣ ዘንድሮ እማዬን ይዤ ሦስት ቦታ ስለዞርኩ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሐኪም አይደለሁም።

እማዬ ከከፊራ ገበያ ዘንቢሏን ይዛ ስትመለስ መሀል መንገድ ላይ ቆማ መተንፈስ ጀመረች። ሙቀቱ ነው ብለን አለፍነው። ድሬ ውስጥ የማይሳበብበት ነገር የለም፣ ሙቀቱ ላይ።

መጀመሪያ እዚሁ ሰፈራችን ያለ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ወረፋ የለም፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። ወረቀቱ ላይ ያለው «ኢኤፍ 62 በመቶ፣ ኖርማል» ብቻ ነው። ደስ ብሎን ወጣን። ኢኤፍ የሚነግራችሁ ግን ልብ ስትጨመቅ ከያዘችው ደም ስንት እጁን እንደምትገፋ ነው። ስኳር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሌላ በኩል ነው፦ ጡንቻው ይደድርና ልብ ደም ለመቀበል በደንብ አትላላም። በዚህ ጊዜ ኢኤፍ ምንም ላያሳይ ይችላል።

ሁለተኛው ሐረር ነው። ወረፋ አለው፣ ግማሽ ቀን ይበላል። ግን ስፔሻሊስቱ ራሱ ነው ማሽኑን የያዘው። በግራ ጎኗ አስተኝቶ፣ «ትንፋሽ ያዢ እማማ» እያለ ግማሽ ሰዓት ቆየ። ሪፖርቱ ላይ የልቧ የግራው የላይኛው ክፍል ስፋት፣ የጡንቻው ውፍረት፣ «ቲሹ ዶፕለር» የሚሉት የመላላት ፍጥነት ሁሉ አለ። የመላላት ችግሩ የተገኘው እዚያ ነው፤ ቀላል የሚባለው ደረጃ ላይ።

ሦስተኛው እንደገና ድሬ፣ አዲስ ማሽን ያለው። «ስትሬን» የሚባለውንም ይለካሉ፤ የጡንቻውን መኮማተር ነጥብ በነጥብ የሚከተል ነው፣ ኢኤፍ ከመውረዱ በፊት ድክመት ያሳያል። ዋጋው ይከብዳል። ቲሹ ዶፕለር የተሠራለት ሰው ለዚህ ብሎ ብድር ይግባ አልልም። ከሠራችሁ ደግሞ በሚቀጥለውም እዚያው ተመለሱ፤ ቁጥሩ ከማሽን ማሽን ይለያያል።

የእኔ ምርጫ ሐረር ነው። ድሬ መቅረት ካለባችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ «ዳያስቶሊክ ትለካላችሁ? ማን ነው የሚያነበው?» በሉ፤ ዳያስቶሊክ ያ የልብ መላላት ነው። መልሱ «እንዴ፣ ምንድን ነው እሱ?» ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ድል ጮራ ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል የስኳር ክትትል ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ። የልብ ድካም ምልክት ለሌለው ሰው ከኢኮ በፊት የደም ምርመራ አለ፤ ኤንቲ ፕሮ ቢኤንፒ ይባላል። የአሜሪካ የስኳር ማኅበር በፈረንጆቹ 2022 ባወጣው ምክር በዓመት አንዴ እንዲህ ያለ የደም ምርመራ ይደረግ ብሏል።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ለተለመደው ኢኮ ጾም አያስፈልግም። እማዬ ሳትነግረኝ ኢንሱሊኗን ተወግታ ቁርስ ሳትቀምስ ተነሳች። ወደ ሐረር ስንወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ስኳሯ ወርዶ ላብ በላብ ሆነች፣ እጇ ተንቀጠቀጠ። ያተረፈን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ከረሜላ ነው።